ማኅተሙ በካዝና፣ ፓስወርዱ በግድግዳ

በእኛ ሀገር መሥሪያ ቤት እንደ ክብ ማኅተም የተከበረ ዕቃ የለም። ጣራው ቢያፈስ፣ ወንበሩ ቢሰበር፣ መዝገቡን አይጥ ቢበላው ዓመት ሙሉ ያስታምሙታል፤ ማኅተሙ ግን አንድ ሌሊት ከካዝናው ውጪ ቢያድር ቢሮው ይታመሳል። ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ ነው። ኃላፊ ሲለወጥ ርክክብ ይደረጋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሦስት ሰው ይፈርማል። ልማዱ የዛሬ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የማኅተሙ ጠባቂ ጸሐፌ ትዕዛዙ ነበሩ፤ ሹመቱም ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ማኅተሙን የያዘ የጌታውን ቃል ይዟል ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ እውነትም ነው።

እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከካዝናው ሁለት ክንድ ፈንጠር ብሎ፣ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው ሥር። በዚያ ፓስወርድ ገብቶ የተማሪ ውጤት ማየት ይቻላል፣ መለወጥም ይቻላል። የደመወዝ ዝርዝር ይታያል። በኃላፊው ስም ደብዳቤ ይላካል። ክብ ማኅተሙ ከሚሠራው አንዱም አይቀረውም፤ እንዲያውም ማኅተም መቶ ወረቀት ላይ ሲመቱበት ክንድ ይዝላል፣ ይኼኛው አይዝልም። ፓስወርዱን ጸሐፊዋ ታውቀዋለች፣ ተላላኪው ያውቀዋል፣ ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረው ምክትል ኃላፊም ያውቀዋል። በርክክቡ ቀን ማኅተሙ፣ ጠረጴዛው፣ መጋረጃው፣ የወረቀት መብሻው ሳይቀር ተቆጥሯል። ፓስወርዱን ያስታወሰው የለም። (ይህን ስጽፍ የማስበው አንድ ቢሮ አይደለም። «የእኛ ቢሮ ግን እንዲህ አይደለም» የምትሉ ካላችሁ ነገ ጠዋት ስትገቡ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩልኝ።)

ዩኒቨርሲቲን ነጥዬ የማነሣው ሌላው መሥሪያ ቤት ስለተሻለ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግን ኮምፒውተር የሚያስተምር ቤት ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ መምህሩ ስለ ኔትወርክ ጥበቃ ሌክቸር ይሰጣል፤ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ ያው መምህር የፈተናውን ወረቀት በቴሌግራም ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይልካል። ለምን ቢባል፣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ወይ አልተሰጠውም፣ ወይ ተሰጥቶት ፓስወርዱ ጠፍቶበታል፣ ወይ ደግሞ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። መንገድ የተበላሸበት ሰው በማሳ ያቋርጣል። አቋራጩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ የምወቅሰው መንገዱን ነው።

ነገሩን ወደ ደጋችን ላምጣው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከግሼ ራቤል፣ ከዓለም ከተማ በግ ሸጦ፣ ገብስ ሸጦ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ገበሬ ስለ ሰርቨር ሰምቶ አያውቅም። ምደባው ደብረ ብርሃን ይሁን ጅማ፣ የልጁ የዓመታት ድካም የሚቀመጠው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው በሰየሟት ከተማ፣ በደብረ ብርሃን፣ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን በየክልሉ ከአሥር በላይ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል። የሚገርመው በዚያው በ1999 ዓ.ም. ሌላም ተቋም ተወልዷል፤ ኢንሳ የምንለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ የዛሬው አስተዳደር። እኩዮች ናቸው እንግዲህ። አንዱ የሀገሪቱን መረብ ሊጠብቅ ተወለደ፣ ሌሎቹ የገበሬውን ልጅ ሊያስተምሩ። የሁለቱን ዝምድና በአንድ ተራ መምህር ጠረጴዛ ላይ ስፈልግ ግን ብዙ ቆየሁ።

ጥበቃ የለም ማለቴ አይደለም፤ ጥበቃማ ሞልቷል! ወደ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ በር ሂዱ። መምህሩ ላፕቶፑን ይዞ ሲገባ ዘበኛው ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሲወጣ ያመሳክራል። ቁጥሩ አንድ ዜሮ ከጎደለው መምህሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይከራከራል። ዘበኛው ሥራውን ነው የሚሠራው፣ እሱን አልነካም። ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን የሦስት መቶ ተማሪ ውጤት ግን መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው የለም፤ አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ ላይ ተገልብጦ በሸሚዝ ኪስ ይወጣል። (ኪስ ይፈተሽ እያልኩ አይደለም። ይህን አንብቦ «ጥሩ ሐሳብ ነው» የሚል ኃላፊ እንዳይነሣ ብዬ ነው።) የምንጠብቀው ቆርቆሮውን ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ በዋጋው ይተመናል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ውስጡ ያለው ሲሰረቅ ዋጋ ስለሌለው የጎደለ ነገር የለም ይባላል።

ይህ ልማድ ከላይ እስከ ታች ነው። በግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የተሰረዘው የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ስለተበተነ ነበር። ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፈተናው እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተፈታኞቹ በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው በአጥርና በጥበቃ ውስጥ ተፈተኑ። አጥሩ ሠርቷል፣ መካድ አይገባም፤ የዚያ ዓመት ውጤት ሁላችንንም ያስደነገጠው በከፊል ስለሠራም ነው። ነገር ግን ወረቀት በአጥር ይጠበቃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ጥያቄው፣ መልሱ፣ ውጤቱ፣ ሁሉም በሽቦ ነው የሚሄደው። ሽቦው ደግሞ በበሩ አይወጣም።

አንድ ወዳጄ መምህር አለ። የሞላሌ ልጅ ነው፤ እዚያው መንዝ ውስጥ ያስተምራል፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ማስተርሱን ይማራል። የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ከዞናችን ውጪ መሆኑን ብቻ ልናገር። የጥናቱ ርእስ የጓሳ ሣር ጥበቃ ነው። ሁለት ክረምትና በመካከላቸው ያለውን በጋ ሽማግሌ ለሽማግሌ ሲዞር ከረመ። በስልኩ ይቀዳል፣ ማታ ማታ ቃል በቃል ይገለብጣል። ስልኩ ሲሞላበት ድምፁን ወደ ላፕቶፕ አዛወረ፤ ላፕቶፑ ሲያረጅና ሲያቃስት ሁሉንም ወደ አንዲት ፍላሽ አሸጋገረ። ከዚያ ሦስት ምዕራፍ ፕሪንት ሊያስደርግ ግቢው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሿን ሰካት። በማግስቱ ሲከፍታት በፎልደሮቹ ቦታ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ አገኘ።

ይህ ሰው ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ነው። ብልሃቱ ተራ ነው። ፋይሎቹን አያጠፋም፤ ይደብቅና በስማቸው የሐሰት መግቢያ ይተክላል። ያንን የጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣዋል። የተደበቀውን ለመመለስ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል፣ የኮምፒውተር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቃት። ወዳጄ ፍላሿን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ አገልግሎት ሄደ።

«ቲቸር፣ ፍላሿ በቫይረስ ተበልታለች። ፎርማት ላድርጋት?»

«ያለው ነገር አይጠፋም?»

«ምን አለባትና! ባዶ ናት እኮ፤ ይኸው ይዩዋት።»

ፎርማት ተደረገች። ከፎርማት በኋላም ቢሆን ምንም ካልተጻፈባት ፋይሉን መልሶ የማግኘት ተስፋ ነበረ፤ ለዚህ የሚሆኑ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ልጁ ግን መሥራቷን ለማረጋገጥ ብሎ አንድ ፊልም ገለበጠባት። ሁለት ክረምት በአንድ ፊልም ተሸፈነ። ካነጋገራቸው ሽማግሌዎች አንዱ በመካከሉ ዐርፈዋል፤ ድምፃቸውም የነበረው እዚያች ፍላሽ ላይ ነበር።

እኔ ልጁን አልጠላሁትም። ፎርማት ማድረግ የአይሲቲ ክፍሎቻችን ዳማከሴ ነው፤ ለራስ ምታቱም፣ ለቁርጠቱም፣ ለብርዱም ያው ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ፕሪንተሩ እምቢ አለ? እስቲ ፎርማት አድርገን እንየው። የሥራው አለካክ ራሱ ወደዚህ ይገፋል። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «ይህን ያህል ኮምፒውተር ጥገና ተደርጎለታል» የሚል ቁጥር ነው። «ይህን ያህል የምርምር ፋይል ከመጥፋት ተርፏል» የሚል ሣጥን በቅጹ ላይ የለም። በዚያ ላይ ጎበዝ የሆነው ልጅ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ባንክ ወይም ወደ ቴሌ ይሄዳል፤ ደመወዙን ያየ አይፈርድበትም። የሚቀረው ቀለም ሲቀይርና የስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎን ሲያስተካክል የሚውል ነው። የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁሉም ሥራ ቆሞ ወደዚያ ይሮጣል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ደኅንነት የሚባል ነገር የማን ሥራ ነው? በመዋቅሩ ላይ የሥራ መደቡ ሊኖር ይችላል። ወዳጄ ፍላሿን ይዞ በሄደ ቀን ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

የቫይረሱ ዋና መግቢያ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውና የማንናገረው ነገር ነው። የተሰረቀ ሶፍትዌር። አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ መጀመሪያ የሚጫነው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ክራክ የተደረገ ኦፊስ፣ ከዚያ ክራክ የተደረገ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ክራኩን ለመጫን የሚሰጠው የመጀመሪያ መመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው! ሌባ በሩን ክፈትልኝ ሲል የሚከፈትለት እዚህ ብቻ ነው። ለመጻፊያው እንኳ ምክንያት የለንም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለ ፊደል ይዞ ይመጣል። ያለ ክፍያ፣ ያለ ስርቆት። ጸሐፊዎቻችን የድሮውን የፊደል አቀማመጥ ለመዱትና መልመጃ አንድ ሳምንት የሚሰጣቸው ጠፍቶ ይኸው እስከ ዛሬ ክራኩ ከቢሮ ቢሮ በፍላሽ ይዞራል። የተሰረቀው ዊንዶውስም ዝመና እንዳይወርድለት ተደርጎ ነው በአብዛኛው የሚጫነው፤ ስርቆቱ እንዳይታወቅ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ጥገና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። በየላቦራቶሪው ያሉትን ማሽኖች ማን ቆጥሯቸው ይሆን?

ፓስወርድን በተመለከተ ደግሞ ለሠራተኛው እውነቱን የነገረው የለም። በየሦስት ወሩ ቀይር፣ ትልቅ ፊደል ጨምር፣ ቁጥር ጨምር፣ የቃለ አጋኖ ምልክት ጨምር ይባላል። ይህ ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም ባወጣው መመሪያ ላይ ቢል በር የተባለ ባለሙያ የጻፈው ነው። (ስሙ በአማርኛ በር መሆኑ አጋጣሚ ነው።) ሰውዬው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ያንን ምክር በመስጠቱ እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ፤ ተሰርቋል የሚል ምልክት ከሌለ ፓስወርድ በየጊዜው አታስቀይሩ፣ ይልቅ ረዘም ያለ ይሁን አለ። ምክንያቱን ማንም የቢሮ ሰው ያውቀዋል። በየሦስት ወሩ እንዲቀይር የተገደደ ሰው መጨረሻው ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርገዋል፤ ይህንንም ስለሚረሳው ግድግዳ ላይ ይጽፈዋል። ቢጫዋን ወረቀት የወለዳት ደንቡ ራሱ ነው ማለት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢደረደሩ (የታወቀ ተረት እንዳይሆን እንጂ) ለሰው ለማስታወስ ይቀላሉ፣ ለማሽን ለመገመት ይከብዳሉ። ይህን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የአንድ ቀን አበል እንኳ አያስፈልገውም፤ ምናልባት ያልተደረገውም ለዚህ ይሆናል።

«እኛ ድሆች ስለሆንን ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። ሀብታሞቹም ተዘርፈዋል። በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2019፣ የገና ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ 267 ሰርቨሮቹ ተቆልፈውበት አደረ። መነሻው ጥቅምት ውስጥ የሠራተኛ ኢሜይል ላይ የተላከ የሐሰት ሊንክ ነበር። አንድ ሰው ጫነው። ሌቦቹ ሁለት ወር ያህል ማንም ሳያያቸው ውስጥ ለውስጥ ሲሄዱ፣ ዝመና ያልተደረገለት ማሽን አግኝተው ቁልፉን ሁሉ ወሰዱ። መጠባበቂያ ቅጂዎቹም እዚያው መረብ ላይ ስለነበሩ ከፊሎቹ አብረው ተቆለፉ። ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በጊዜው 200,000 ዩሮ ገደማ፣ ከፈለ። ለእኔ ግን የታሪኩ ዋና ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሕዝብ ጠርተው፣ የመርማሪዎቹን ሪፖርት ይፋ አድርገው፣ ከየት እንደተገባ፣ ምን እንደጎደላቸው፣ ስንት እንደከፈሉ ተናገሩ። ሊንኩን የጫነውን ሠራተኛ ስም አላወጡም፣ ጥፋቱንም እሱ ላይ አልደፈደፉም። (በኋላ ፖሊስ ከገንዘቡ የተወሰነውን ሲይዝ የቢትኮይን ዋጋ ንሮ ስለነበር ከከፈሉት የሚበልጥ ሊመለስላቸው ሆነ። ለችግረኛ ተማሪዎች መርጃ እናውለዋለን አሉ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ግን ከመቶ አንዱን ነው።)

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን ይደረጋል? «ሲስተም የለም» ይባላል። ሁለት ቃል ናቸው፣ ሁሉንም ይሸፍናሉ። መብራት ቢጠፋም፣ ሽቦ ቢበጠስም፣ ሰርቨሩ ቢዘረፍም «ሲስተም የለም» ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን፤ ፓስወርድን ያለ ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍን ጭምር ወንጀል ያደርጋል። በሕጉ ቃል ብንሄድ ስንት ዲፓርትመንት በአንድ ጠዋት እንደሚከሰስ እናንተው አስሉት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም እንዲጠብቀው፣ ሲሾልክበትም እንዲያሳውቅ ያዛል። የመንዙ ገበሬ ልጅ ውጤት ቢሾልክ ወይም ቢለወጥ «ሲስተም የለም» ከእንግዲህ ሕጋዊ መልስ አይደለም። አዋጁን በየሪጅስትራሩ ጠረጴዛ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ከውጪ የተቀዳ ምክርም አይጠቅመንም፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። «ፋይልህን ክላውድ ላይ አስቀምጥ» ይሉናል። መልካም ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። የሞላሌ መምህር ፋይሉን ክላውድ ላይ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ እስኪከፈት ድረስ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይከርም ነበር። የአንቲቫይረስ ዝመናም በኢንተርኔት ነው የሚመጣው፤ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን በየቀኑ እያረጀ ይሄዳል። የደጋው መምህር የሚያስፈልገው ለደጋው የሚሆን ነው። ሥራው በሦስት ቦታ እንዲቀመጥ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤቱ ውጪ እንዲሆን። ዩኒቨርሲቲው ቅጂ የሚቀበል አንድ ቆጣሪና መዝገብ ቢያዘጋጅ፣ የክረምት ተማሪው ወደ መንዝ ከመመለሱ በፊት ፍላሹን ሰጥቶ ቢያስገለብጥ፣ ደረሰኝ ቢቀበል ምን ይከብዳል? ላይብረሪው መጽሐፍ ሲቀበል እኮ ሥርዓት አለው። በየወሩ ዝመና በዲስክ ተጭኖ ወደ ዓለም ከተማና ወደ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤቶች ቢላክ፣ በጀማ በረሃ በኩል የሚወርደው የሕዝብ መኪና ለዚህም ይበቃል።

ሥርዓት ማበጀት ለደጋው ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ወዳጄ ሊያጠናው የደከመበት ነገር ራሱ ይህ ነበር። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ የጋራ ሀብት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚነገርለት ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። (ከቅርቡ ፖለቲካ ጋር የስም ሞክሼነት ብቻ ነው ያለው።) የአስቦና የጌራ ወገኖች ተመካክረው ሣሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። የሚጠብቀው የታወቀ ነው፣ አለቃው በሕዝብ የተመረጠ ነው፣ የሚከፈትበት ቀን ይነገራል፣ ያለ ቀኑ ያጨደ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ማኅበረሰቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞት ጓሳው ዛሬም ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ይዞ አለ። አንድም ጊዜ «የጥበቃ ስልጠና ተሰጠን» አላሉም። ጠባቂው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። እስቲ በዩኒቨርሲቲያችን ኮሪደር አንድ መምህር አቁማችሁ «ፋይልህ ቢጠፋ ወይም በስምህ የሐሰት ደብዳቤ ቢላክ መጀመሪያ የምትነግረው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ብዙውን ጊዜ «አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ስልኩን ልስጥህ» ነው።

ወዳጄ በጥቅምት፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ወደ ጓሳ ተመልሶ ወጣ። ካነጋገራቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት እንደገና ተቀመጡለት፤ አንዳንዶቹ ግን የመጀመሪያውን ያህል አልተናገሩም፣ «ነግሬህ አልነበረም እንዴ ልጄ?» እያሉ። አሁን ሁለት ፍላሽ ይዟል። አንዱ ከሱ ጋር ይዞራል፣ ሁለተኛው ሞላሌ እናቱ ቤት ሙዳይ ውስጥ ከነሐስ መስቀላቸው ጋር ተቀምጧል። ገበያ ሲወጡም ሙዳዩን ጎረቤት አደራ ሰጥተው ነው የሚወጡት።